አቡነ ያዕቆብና የጾም ምርጫ

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ከተማ ከመስቀል ዐደባባይ ተነሥታችሁ ወደ ቦሌ የሚወስደውን መንገድ ብትከተሉ ኦሎምፒያ የሚባለውን ሰፈር ታገኛላችሁ። በዚህ ሰፈር የዐቢይ ጾም መግባት ከማንም አይሰወርም። ሥጋ ቤቶች በራቸውን ይዘጋሉ፤ ከምግብ ቤቶች የሽሮና የምስር ወጥ ሽታ ይወጣል፤ ነጠላ የለበሱ ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ ይታያሉ። በሰፈሩ የሚኖሩ የካቶሊክ ቤተ ሰቦችም እንደ ጎረቤቶቻቸው ለጾሙ ይዘጋጃሉ።

እስቲ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን በአሳባችን እንጎብኝ። ቀኑ የቅበላ እሑድ፥ ጊዜውም ማታ ነው። በማግሥቱ ሰኞ ጾሙ ይገባል። እራት ከተበላ በኋላ አባት ሦስቱን ልጆቻቸውን በዙሪያቸው ሰበሰቡ። ከዚያም እያንዳንዱ በ55ቱ የጾም ቀኖች ለእግዚአብሔር የሚያቀርበውን መሥዋዕት እንዲመርጥ አዘዙ።

ትልቁ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። በየቀኑ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እህል ውሃ እንደማይቀምስ ተናገረ። ምክንያቱን በጠየቁት ጊዜ ግን፥ አንድ የክፍሉ ተማሪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾም ስለ ነገረው እርሱን ለመብለጥ መሆኑ ታወቀ። ሁለተኛይቱ ልጅ ደግሞ ጎመን መብላት እንደምትተው ተናገረች። ይህን በሰሙ ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ ጎመን ከቶ እንደማትወድ ያውቁ ነበርና። ትንሹ ልጅ ግን ምንም የሚተወው ነገር እንደሌለው ተናግሮ አቀረቀረ።

አያታቸው መቍጠሪያቸውን ይዘው በጥግ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹን አልገሠጹም። ነገር ግን በግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ሥዕል በእጃቸው አመለከቱ። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ጢማምና ከሲታ ነው፤ ልብሱም እንደ አገራችን መነኵሴ ልብስ ነው። ልጆቹ ሥዕሉን በየቀኑ ያዩት ነበር፤ የሰውየውን ታሪክ ግን አያውቁም ነበር። አያታቸውም በዚያች ማታ የሕይወቱን ታሪክ ነገሩአቸው። ታሪኩም ከዚህ የሚከተለው ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ይህ ሰው በትውልድ ስሙ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ይባላል። በ1800 ዓ. ም. በኦክቶበር 9 ቀን፥ በደቡብ ኢጣልያ በተራራ ላይ ባለች ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ 14 ልጆች ወለዱ፤ እርሱ ሰባተኛው ነበር። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ናፖሊ ከተማ ሄደ። እርሱም በዚያ ሲማር ካደገ በኋላ በ1818 ዓ. ም. ወደ ሚስዮናውያን ማኅበር ገባ። ይህን ማኅበር በ1625 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር የመሠረተው የድኾች አባት የተባለው ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖል ነው። ዮስጢኖስ በ1824 ዓ. ም. በብሪንዲዚ ከተማ ቅስና ተቀበለ።

ከቅስናውም በኋላ በደቡብ ኢጣልያ ባሉ ከተሞችና መንደሮች እየዞረ ድኾችን አስተማረ። በ1836ና በ1837 ዓ. ም. በናፖሊ ከተማ የኮሌራ በሽታ ገባ። ልጆች ሆይ፤ ኮሌራ በአንድ ቀን ጤነኛውን ሰው የሚጥል ክፉ በሽታ ነው፤ በዚያ ዘመን መድኃኒቱ አልታወቀም ነበር። መሸሽ የሚችል ሁሉ ከተማውን ትቶ ሸሸ። ዮስጢኖስ ግን አልሸሸም። በበሽተኞች አጠገብ እየተቀመጠ አስታመማቸው፤ የሚሞቱትንም አጽናና። በዚያ ጊዜ የተወው መብል ብቻ አይደለም፤ እንቅልፉንም፥ ለነፍሱ መሳሳትንም ተወ።

በ1839 ዓ. ም. ከሮማ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ደረሰ፤ ከዚያም ተራራውን ወጥቶ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መጨረሻ ዐድዋ ገባ። በዚያ ጊዜ ትግሬንና ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። የአገሩ ሰው ከሩቅ የሚመጣውን ፈረንጅ በጥርጣሬ ያየው ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ጠብና ደም መፍሰስ ሆኖ ነበርና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ የዚህን ሰው ምርጫ በዚህ ቦታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ዮስጢኖስ እንደ እንግዳ ተለይቶ ለመኖር ይችል ነበር። የአገሩን ልብስ ለብሶ፥ የአገሩን ምግብ በልቶ፥ በአገሩ ቋንቋ ቢናገር ማንም አይከለክለውም ነበር። እርሱ ግን ይህን ሁሉ በፈቃዱ ተወ። እንደ ኢትዮጵያ መነኵሴ ለበሰ፤ በእግሩ ተጓዘ፤ እንጀራችንን በላ። በአርባ ዓመቱ ገደማ እንደ ሕፃን ተማሪ ሆኖ ፊደል ቈጠረ፤ ግዕዝና አማርኛ ትግርኛም ተማረ። በጕልምስና ዕድሜ አዲስ ፊደል መቍጠር እንዴት እንደሚከብድ፥ እናንተ በልጅነታችሁ ፊደል የምትቈጥሩ ታውቁታላችሁ።

ጾማችንንም ጾመ። በላቲን ሥርዓት የዐቢይ ጾም ቍጥር 40 ቀን ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓት ግን 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ወተት ቅቤና ዕንቍላልም አይበላበትም። ከዚህም ሌላ የረቡዕና የዓርብ ጾም፥ ሌሎችም አጽዋማት አሉ። እርሱ በተወለደበት አገር ሥርዓት ቢጾም ኖሮ ኀጢአት ባልሆነበት ነበር። ነገር ግን ጎረቤቱ ሲራብ እርሱ ጠግቦ ለማደር አልወደደም። ስለዚህ የአገሩ ሰው የሚጾመውን ጾመ፤ የሚበላውንም በላ። ጾሙ ከሰው በላይ የሚቆምበት መሰላል አልሆነለትም፤ ከሰው አጠገብ የሚቀመጥበት ወንበር ሆነለት እንጂ።

ሕዝቡም ይህን ባየ ጊዜ ጥርጣሬው እየለዘበ ሄደ። ስሙንም ለውጠው ያዕቆብ ብለው ጠሩት፤ ኋላም ጳጳስ በሆነ ጊዜ አቡነ ያዕቆብ ተባለ።

በ1841 ዓ. ም. ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብጽ ላኩ፤ ያዕቆብም አብሮአቸው እንዲሄድ ለመኑት። ከመልእክተኞቹ መካከል አባ ገብረ ሚካኤል የሚባል የጎጃም ሊቅ ነበረ። ይህ መነኵሴ እውነትን ለማግኘት ከገዳም ወደ ገዳም፥ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲዞር ብዙ ዓመት የኖረ ነው። መልእክተኞቹ በካይሮ ጉዳያቸውን ከፈጸሙ በኋላ ከፊሎቹ ከያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ ሄደው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በ1842 ዓ. ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያ ረጅም መንገድ አባ ገብረ ሚካኤል የያዕቆብን አኗኗር በቅርብ አየ። በ1844 ዓ. ም. ካቶሊክ ሆነ።

ሁለቱ ሰዎች እንደ ወንድማማች ሆኑ። በጓላና በአሊቴና ወጣቶችን ለክህነት አስተማሩ። ያዕቆብ እነዚህ ካህናት ቅዳሴውን በላቲን ሥርዓት እንዲያደርጉ አላስገደደም፤ ከአባቶቻቸው የወረሱትን የግዕዝ ሥርዓት እንዲጠብቁ ወደደ። ዛሬም በኢትዮጵያ ያሉ ብዙ ካቶሊካውያን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መከራ መጣ። በሃይማኖት ልዩነት ምክንያት ያዕቆብና ተማሪዎቹ ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደዱ። እርሱ ግን ከአንዱ ቦታ ቢያሳድዱት ወደ ሌላው ሄዶ ሥራውን እንደ ገና ይጀምር ነበር። በ1847 ዓ. ም. ከሮማ ጳጳስ እንዲሆን ታዘዘ። ሌላ ሰው በዚህ ደስ ይለው ነበር፤ እርሱ ግን ለዚህ ክብር እንደማይገባው አስቦ ብዙ ጊዜ እምቢ አለ። በመጨረሻም በ1849 ዓ. ም. በጃንዋሪ ወር አባ ማስያስ በምጽዋ ጵጵስናውን ሰጡት። በዓሉም በሌሊት በስውር ተደረገ። የወርቅ ዙፋንም፥ የሕዝብ እልልታም አልነበረም።

በ1851 ዓ. ም. አቡነ ያዕቆብ አባ ገብረ ሚካኤልን ቀሰሰው። በዚያ ጊዜ አዲሱ ካህን 60 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ የጎንደር ገዢ ሆነው ሳሉ፥ የአገሩን ሰው በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። በ1854 ዓ. ም. አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል፥ ሌሎችም ደቀ መዛሙርት በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብን ከልጆቹ ለይተው አኖሩት። አባ ገብረ ሚካኤል ግን እግሩ በግንድ ተጠርቆ ብዙ ተሠቃየ።

ለአቡነ ያዕቆብ ከእስራቱ ሁሉ የከበደው ይህ መለየት ነበር። ልጆቹ ሲሠቃዩ ቍስላቸውን ለማጠብ አልቻለም። የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ጸሎት ነው። በዚያ ጊዜ ጸሎት በደኅና ቀን ከመጽሐፍ የሚነበብ ነገር ብቻ አልሆነለትም፤ እጁ ሊደርስባቸው ወደማይችል ወዳጆቹ የሚደርስበት መንገድ ሆነለት እንጂ። ከጥቂት ወራት በኋላ እርሱን ከአገሩ አስወጡት። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከሠራዊቱ ጋር ከአገር አገር እየተጎተተ በ1855 ዓ. ም. በኦገስት 28 ቀን ሞተ።

አቡነ ያዕቆብ በቀሩት ዓመታት በምጽዋና በሓላይ አካባቢ ምእመናንን ሲጠብቅ ኖረ። በ1860 ዓ. ም. በበጋው ትኵሳት ያዘው። ከምጽዋ አጠገብ ካለው ቆላ ተነሥቶ ወደ ሓላይ ደጋ ለመድረስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ጉዞ ጀመረ። ነገር ግን አሊጋዴ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ኀይሉ አለቀ። በዚያ ቤትም፥ አልጋም አልነበረም። በመንገድ ዳር በመሬት ላይ ተኛ፤ ራሱንም በድንጋይ ላይ አኖረ። ልጆቹን መከራቸው፤ ባረካቸውም። በጁላይ 31 ቀን በዚያው ዐረፈ። ሥጋውን ወስደው ዛሬ በኤርትራ ባለችው በሄቦ ቀበሩት። ደቀ መዝሙሩ የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ታሪኩን ጽፎ ለእኛ አቆየልን።

ቤተ ክርስቲያንም አልረሳቻቸውም። አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ዓ. ም. ብፁዕ ተባለ። አቡነ ያዕቆብም በ1939 ዓ. ም. ብፁዕ፥ በ1975 ዓ. ም. ደግሞ ቅዱስ ተባለ።

አያታቸው ታሪኩን በጨረሱ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁአቸው። እያንዳንዱ ልጅ የመረጠው መሥዋዕት ወደ ማን እንደሚያቀርበው እንዲያስብ ነገሩት። አቡነ ያዕቆብ የተወው ነገር ሁሉ ወደ ሰው አቅርቦታል፤ ልብሱን ቢተው ወደ ድኾቹ፥ ቋንቋውን ቢተው ወደ ተማሪዎቹ፥ የአገሩን ጾም ቢተው ወደ ጎረቤቶቹ ቀርቧልና።

ትልቁ ልጅ አፈረ። ሊበልጠው የፈለገው ያ ተማሪ ከእርሱ ጋር ከተጣላ ሰንብቶ ነበር፤ በሒሳብ ትምህርትም ደካማ ነበረ። ልጁም እስከ ማታ መጾሙን ትቶ ወላጆቹ እንደ ዕድሜው በፈቀዱለት መጠን ብቻ ሊጾም ወሰነ። የኳስ ጨዋታውንም በሳምንት ሁለት ቀን ትቶ ከዚያ ተማሪ ጋር ታርቆ ሒሳብ ሊያስጠናው መረጠ። ይህ ከረኀብ ይልቅ ከበደው፤ እርቅ መጠየቅ አለበትና።

ሁለተኛይቱ ልጅ ጎመኑን መለሰች። ማታ ማታ ስልክ በእጅዋ ይዛ የምታጠፋውን ጊዜ ትታ ዓይናቸው ለደከመው ለአያትዋ የዕለቱን ወንጌል ልታነብላቸው ተስማማች። ትንሹም ልጅ ኪሱን ዳሰሰ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከረሜላ የሚገዛበትን ሳንቲም አገኘ። የሚተወው ነገር እንዳለው ያን ጊዜ አወቀ።

አባትና እናትም ከልጆቻቸው ጋር መረጡ። አባት በእራት ጊዜ ቴሌቪዥን ማየት ሊተዉ፥ እናት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልጠየቋትን አንዲት የታመመች ጎረቤት በየሳምንቱ ሊጠይቁ ወሰኑ። ስለ ጸሎትም ሁሉም በአንድነት ተመካከሩ። በየማታው ከመኝታ በፊት የመቍጠሪያ ጸሎት እንዲያደርሱ፥ በየዓርቡም የጌታን የሕማም ጉዞ በ14 ቦታ እየቆሙ የሚያስቡበትን የፍኖተ መስቀል ጸሎት ከምእመናን ጋር እንዲጸልዩ ተስማሙ። ጸሎቱ አጭር ቢሆንም እንዳይቋረጥ ቃል ገቡ። ከምግብ የተረፈውን ገንዘብ የሚያኖሩበት አንድ ሳጥን በመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ማን ምን ያህል እንደ ጨመረ እንዳይጠየቅ፥ በሕማማት ሳምንትም ተከፍቶ ለድኾች እንዲሰጥ አባት ደነገጉ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓደኞቹ ከረሜላ ሲገዙ አየ። እጁ ቀደመው፤ ሳንቲሙን ሰጥቶ ገዛ። ቤት በደረሰ ጊዜ ግን ወደ ሳጥኑ ለማየት አልደፈረም። ከመጋረጃው ኋላ ተሸሽጎ ሲያለቅስ አያቱ አገኙት። ጾሙ ሁሉ እንደ ፈረሰ መስሎት ነበርና ምክንያቱን በጭንቅ ነገራቸው።

አያቱም እጁን ይዘው ወደ ሥዕሉ ወሰዱት። ያ ሰው ስንት ጊዜ እንደ ተባረረና ስንት ጊዜ እንደ ገና እንደ ጀመረ አስታወሱት። የወደቀ ልጅ ተነሥቶ መንገዱን መቀጠል እንጂ በወደቀበት ተቀምጦ ማልቀስ እንደማይገባው አስረዱት። ልጁም ፊቱን ታጠበ። በማግሥቱ የከረሜላውን ሳንቲም በሳጥኑ ውስጥ ሲጥል ድምፁ ተሰማ፤ ማንም ግን ዘወር ብሎ አላየውም።

ልጆች ሆይ፤ እናንተም ጾም ሲገባ መሥዋዕታችሁን ስትመርጡ ትልቅነቱን አትመልከቱ። ሰው እንዲያያችሁ ወይም ከባልንጀራችሁ እንድትበልጡ የምትጾሙት ጾም ሆድን ያስርባል እንጂ ልብን አያጠግብም። የማትወዱትን ነገር መተውም መሥዋዕት አይባልም። ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካከሩ፤ ለጤናችሁ የሚጎዳውን አትሞክሩ። ትንሽ ቢሆን እንኳ ለሌላ ሰው የሚተርፈውን ምረጡ፤ ብትሳሳቱም ተነሥታችሁ እስከ ትንሣኤ በዓል ድረስ ጠብቁት። ዕንቍላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ፥ በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ መተው አንድ ቀን ሰውን ወደ ትልቅ ፍቅር ያደርሳል። አቡነ ያዕቆብ በሸለቆው ውስጥ ራሱን በድንጋይ ላይ ባኖረ ጊዜ የሚተወው ነገር አልቀረውም ነበር፤ በዙሪያው ግን የሚወዱት ልጆቹ ነበሩ።